በማንጎ ጥላ የተለካ ሙቀት

ባለፈው ወር ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ የጊቤን ዳገት እኩሌታውን እንደወጣ ፈላ። ሹፌሩ ጥግ አስይዞ አቆመና ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። እኔም ከዘራዬን ተደግፌ ወረድኩ። ሽታው የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው፤ ዝገት የጠጣ ውሃ በጋለ ብረት ላይ ሲተን የሚሸተው ሽታ። ሹፌሩ በእጁ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊፈታ ሲል፣ "ተው አትክፈተው! ፊትህን ይልጥሃል!" ብዬ ጮህኩ። ዞር ብሎ አየኝና፣ "አባባ፣ መካኒክ ነበሩ እንዴ?" አለኝ። ነበርኩ አልኩት። "ታዲያ ምን ይሻላል?" ሲለኝ፣ "እስኪበርድ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ ምን መላ አለው" ብዬው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ሞባይላቸውን እየነካኩ፣ አንዳንዶቹም ሹፌሩን እየረገሙ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም፤ ጋምቤላ ነበርኩ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የወጣት ሱሪ ግን ከጉልበት በታች መስፋት ጀምሮ ነበር። እኔም አንድ እንደዚያ ያለ ሱሪና ሁለት የናይለን ሸሚዝ ይዤ ነው ከጎሬ የወረድኩት። የናይለን ሸሚዝ ያን ጊዜ ክብር ነበር፤ ቢታጠብ ወዲያው ይደርቃል፣ ካውያ አያሻውም። ጋምቤላ በደረስኩ በመጀመሪያው ቀን ግን ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ እንደ ቆዳ አልላቀቅም አለ። የተሳፈርኩት በጭነት መኪና ነበር፤ ከኋላዬ በሰንሰለት የታሰረ አንድ ትልቅ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነበረ። ሞተሩ ደጋ ላይ ለዓመታት ሠርቶ ነበር። አሁን ቆላ ወርዶ ከባሮ ወንዝ ውሃ እየሳበ የከተማውን የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን እንዲሞላ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለጤና ጣቢያውና ለጥቂት ቤቶች መብራት እንዲሰጥ ተወስኗል። እሱን ተክዬ፣ አስነስቼ፣ በስድስት ወር ውስጥ እንድመለስ ነበር የታዘዝኩት። ሥራዬን አሳምሬ ከጨረስኩ ወደ አዲስ አበባ እንደምዛወር አለቃዬ ቃል ገብቶልኛል።

ከተማዋ ያኔ ትንሽ ነበረች። በወንዙ ዳር የድሮዎቹ የወደብ መጋዘኖች በድንጋይ ግድግዳቸው ቆመዋል፤ የዛገ ጀልባ አንድ ሁለት ጭቃ ላይ ተጋድሟል። መርከቦቹ ከሱዳን መምጣታቸውን ካቆሙ ቆይቷል፤ ሰው ግን አሁንም ነገ የሚመጡ ይመስል ስለ እነሱ ያወራል። ከመጋዘኖቹ ወረድ ብሎ ባለው ማዕዘን ላይ አቶ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ሱቅ ነበራቸው። ስኳር፣ ላምባ፣ ሰርዲን፣ አቡጀዲ፣ የመብራት ክር፣ ምን የሌለ አለ። በላምባ የሚሠራ ፍሪጅም ነበራቸው፤ ስለሚያስነጥሰው ግን አንድ ቀን ቀዝቃዛ ነገር ቢሰጥ አንድ ቀን ሞቅ ያለ ነው። ሬዲዮናቸው ከካርቱም የሚመጣ ዘፈን ሲያሰማ ይውላል። በስሙኒ ክንድ የሚያህል አሳ ይገዛ ነበር፤ ማንጎ ደግሞ ማንም አይገዛም፤ ከዛፉ ሥር ጎንበስ ማለት ነው። ከሥራ በኋላ በሱቁ በረንዳ ላይ ወንበር ስቤ እቀመጥና ቃሉን የማልሰማውን ዘፈን አዳምጣለሁ። አቶ ሰይድ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ቤታቸው በልጅ የተሞላ ስለነበረ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ ወደ ክፍሌ ነው። ብቸኝነት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ የሚያሳዝን ነገር ሳይደርስብኝ፣ እንዲያው ማንም ሳይጠራኝ ቀኑ ሲያልፍ።

የሚጠራኝ አንድ ሰው ነበር፤ ኦጁሉ። የሞተሩ ጠባቂ፣ በኛ አነጋገር ሞተሪስቱ፣ እንዲሆን የተቀጠረ የአኙዋክ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ ላይ ሽበት የጀመረው። በልጅነቱ በእንፋሎት መርከቦቹ ላይ እሳት አንድዷል፤ ካርቱምን አይቷል፤ አረብኛ ይናገራል፣ እንግሊዝኛም የመርከብ ቃል ያህል። አማርኛው አጭር ነበር፤ ለትልቁም ለትንሹም "አንተ" ይላል፤ ከጎሬ የመጡትን ሹም ፊት ለፊት "አንተ ተቀመጥ" ብሏቸው ሰው ሁሉ ደንግጧል። የማፍረው ግን በእሱ አንተ አይደለም። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም ያልቀረውን ሰው እኔ "አንተ" እለው ነበር። በአገሬ ቢሆን አፌ አይደፍርም። እሁድ እሁድ ቤቱ ይጠራኛል፤ በጭስ የደረቀ አሳ ከበቆሎ ገንፎ ጋር ያቀርብልኛል፤ ሚስቱና ልጆቹ አበላሌን እያዩ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ሳቅሁ ማለት ነው።

ሥራ ከጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ቅጽ መጣ። ነገሩን ላልሠራበት ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው በአየር ልክ ስለሆነ እዚያ ላይ ናፍጣው ይቀነስለታል፤ ጉልበቱ ያንሳል፣ ሙቀቱም ያንሳል። በሌላ በኩል ቬንቲላቶሩ የሚነፋው ስስ አየር ብዙ ሙቀት አይወስድም፤ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ቆላ ሲወርድ ሁሉም ይገለበጣል፤ ወፍራም አየር ያገኘ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ሙሉ እሳቱንም ያነድዳል። ወፍራሙ አየር ሙቀት በመሸከም ይረዳ ነበር፤ ግን ራሱ ከመምጣቱ የጋለ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የበቃው ራዲያተር ቆላ ላይ ይብቃ አይብቃ በግምት አይነገርም፤ ይሰላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ መሐንዲስ ሰንጠረዥ ነበረው፤ የቦታውን ከፍታ፣ የሞተሩን ጉልበትና የአየሩን ከፍተኛ ሙቀት ሲሰጡት፣ ባለ ሦስት ረድፍ ቱቦ ይሁን ባለ አምስት፣ የፊቱ ስፋት ስንት ይሁን፣ ጣቱን እያስኬደ ያነባል፤ ረድፉ በበዛ ቁጥር ራዲያተሩ ይበልጥ ያበርዳል። ከፍታውን ከካርታ አገኘሁ። ጉልበቱ ሞተሩ ላይ ተጽፏል። የቀረችው አንዲት መስመር ነበረች፤ "የቦታው ከፍተኛ የአየር ሙቀት" የምትለው።

ወሩ ነሐሴ ነበር። አስቡት፤ በኛ አገር ነሐሴ ማለት ሰው ጋቢ ተከናንቦ እሳት የሚሞቅበት ወር ነው። እኔ ደግሞ በነሐሴ ላብ ከአገጬ ላይ ይንጠባጠባል። በነሐሴ እንዲህ ከሆነ ከዚህ የባሰ ሙቀት በምድር ላይ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሙቀት መለኪያዬን ይዤ መጀመሪያ ወደ ሞተሩ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ሞተሩ እየሠራ ስለነበር እዚያ ውስጥ መተንፈስ ራሱ ሥራ ነው። መለኪያው እስኪረጋ ሩብ ሰዓት መቆም ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ወጥቼ ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት፤ ከሥሩም ተጋደምኩ። ነፋሱ ከባሮ ላይ ይመጣል። ለራሴም ምክንያት ሰጠሁ፤ የአየር ሙቀት የሚለካው በጥላ ነው፣ ትምህርት ቤትም የተማርነው ይህንኑ ነው አልኩ።

ኦጁሉ ከቤቱ ወጣ። ትከሻው ላይ የመርከብ ዘመን አሮጌ ካፖርት ጣል አድርጎ ነበር፤ ጠዋት ዘንቦ ስለነበር በርዶታል።

"ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

"ሙቀት እለካለሁ።"

"የማንጎውን ሙቀት?"

"የጋምቤላን ሙቀት።"

መለኪያውን ቀረብ ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። "አንተ መካኒክ፣ ይሄ ሙቀት አይደለም። ይሄ ብርድ ነው። ካፖርት አታይም? ቆይ፣ የካቲት ይመጣል፣ መጋቢት ይመጣል፣ ያን ጊዜ ለካ።"

"እስከ መጋቢት ከቆየሁማ ሞቻለሁ" ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። በእጁ ወደ ቆርቆሮው ቤት አመለከተኝ። "ሞተር ማንጎ ሥር አይተኛም። ሞተር እዚያ ነው። እዚያ ያለውን አየር ነው የሚጠጣ። በጀርባ የተፋውን መልሶ በፊት ይጠጣል። መርከብ ላይ እኛ እሳቱ አጠገብ ነው የምንለካ።"

"መርከብ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" አልኩት። መለኪያው ሠላሳ አንድ ዲግሪ አነበበ። ለጥንቃቄ ብዬ ሁለት ጨመርኩበትና ሠላሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት መጨመሬ ራሱ አስተዋይ ሰው የሆንኩ አስመሰለኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ቅጹን አጥፌ በፖስታ አድርጌ በዚያው ሳምንት ላክሁ፤ ቶሎ ከላክሁ ቶሎ ይመጣልኛል፣ ቶሎ ከመጣልኝ ቶሎ እሄዳለሁ ብዬ።

ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ የልጅነትና የችኮላ ነው ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ግን ስም የለውም። ክረምቱ አልፎ፣ መስከረምና ጥቅምት አልፈው፣ ታኅሣሥ ላይ ጸሐዩ እየበረታ ሲሄድ ኦጁሉ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ። ጥር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ፣ ማንም ሳያየኝ መለኪያዬን ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ሰቀልኩትና በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አርባ ሦስት ብሎ ቆመ። ያውም ሞተሩ ሳይነሳ፣ ያውም በጥር። ተሳስቻለሁ ብዬ አንዲት ደብዳቤ ብጽፍ ራዲያተሩ ገና አልተላከም ነበር፤ በባለ አምስት ረድፍ ይቀየር ነበር። ወረቀት አወጣሁ፤ ብዕር አነሳሁ። ከዚያ አለቃዬ ደብዳቤውን ሲያነብ ታየኝ፤ "ይሄ ሙቀት እንኳ መለካት የማይችል ነው እንዴ አዲስ አበባ የምናመጣው?" ሲል ሰማሁት። ወረቀቱን መልሼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ምናልባት ይበቃ ይሆናል አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ጎበዝ ነው!

ራዲያተሩ በጥር መጨረሻ መጣ። አዲስ፣ በጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ባለ ሦስት ረድፍ። ኦጁሉ ክዳኑን ከፍቶ በጣቱ ወደ ውስጥ እየነካ ቆጠረ። ከዚያ አሮጌውን የደጋ ራዲያተር ፈታ። አዲሱን ገጠምነው። የካቲትን በግማሽ ጭነት እያሠራን እንደምንም ተሻገርን፤ ውሃው ሊፈላ ሲል ኦጁሉ ጭነቱን ይቀንስለታል፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ በአንድ በኩል ነቅሎ ነፋስ ያስገባለታል፣ ጆንያ እያራሰ በራዲያተሩ ፊት ይሰቅላል። እኔ ያን ሁሉ እያየሁ ስለ ነፋሱ አመሰግነው ነበር፤ ስለ ሠላሳ ሦስቱ አላነሳም። መጋቢት ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ የከተማው ጋን ባዶ ስለሆነ ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ በሙሉ ጉልበቱ ይሥራ የሚል። ኦጁሉ፣ "አይችልም" አለኝ። ትእዛዝ ነው አልኩት። "አንተ ንገራቸው" አለኝ። አልነገርኳቸውም።

በሁለተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እኔ አቶ ሰይድ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። የሞተሩ ድምፅ በከተማዋ ላይ እንደ ልብ ትርታ ስለነበር ማንም አይሰማውም፤ ሲቆም ግን ሁሉም ይሰማዋል። ቆመ። ሮጬ ስደርስ እንፋሎቱ በተነቀለው ግድግዳ በኩል ይወጣል። ኦጁሉ ሞተሩን ራሱ አጥፍቶት፣ የቀኝ ክንዱ በእንፋሎቱ እስከ ክርኑ ተልጦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቴስታታው፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ተሰንጥቆ ውሃው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቷል። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለክንዱ ይሁን ለሞተሩ ወይስ ለአዲስ አበባ አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪ መጣ። ኮቱን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በመሐረብ አንገቱን እየጠረገ፣ ቶሎ ጨርሶ መመለስ የሚፈልግ ሰው። የተቀመጠው የት ይመስላችኋል? ማንጎው ሥር ነው።

"ሞተሩ ላይ ማን ነበር?" አለ።

"እኔ" አለ ኦጁሉ። ክንዱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ውሃውን ታይ ነበር?"

"አይ ነበር።"

"በቀን ስንት ጊዜ?"

"ብዙ ጊዜ። ውሃ ነበር።"

"ውሃ ከነበረው በምን ፈላ?"

ኦጁሉ ወደ እኔ አየ። ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ እንዲያው ሰው የሚያውቀውን ቤት በመንገድ ሲያልፍ እንደሚያየው። ከዚያ፣ "እኔ አላውቅም" አለ።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ መካኒኩ፣ ራዲያተሩ በልኩ ነው የመጣው?"

"በሰንጠረዡ መሠረት ነው የመጣው ጌታዬ" አልኩ።

ልብ በሉ፤ አልዋሸሁም። በሰንጠረዡ መሠረት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች እውነት ያለ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። ሰውዬው ጻፈ፤ በሞተሪስቱ ቸልተኝነት አለ፤ ኦጁሉ ከሥራ ተሰናበተ። እኔ ደግሞ ሞተሩን በትጋት ተክለሃል ተባልኩና ዝውውሬ ጸደቀልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን እሁዶች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላስታውስም። ኦጁሉ ቤት መሄድ አልቻልኩም፤ እሱም አልጠራኝም። የምሄድበት ቀን ጠዋት የጭነት መኪናው ከአቶ ሰይድ ሱቅ ፊት ቆሞ ሻንጣዬን ስጭን ከኋላዬ "መካኒክ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በግራ እጁ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ቀኝ ክንዱ ድኖ ነበር፤ ቆዳው ግን ሌላ መልክ ይዟል። የጭስ አሳ ነው ያመጣልኝ፤ ለመንገድ።

"ኦጁሉ" አልኩት፣ "አንድ ነገር ልነግርህ..."

"አትንገረኝ። አውቃለሁ። ሠላሳ ሦስት ስትጽፍ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን አልነገርካቸውም?"

ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ መሰለው መሰለኝ፤ ፊቱ ትንሽ ተቆጣ። "ብነግር አንተን ያባርራሉ" አለኝ። "እኔን ቢያባርሩ ሚስት አለ። ልጅ አለ፣ ወንድም አለ። ባሮ አለ፣ አሳ አለ። አንተ ማን አለህ? አውሮፕላን ሲመጣ ሁልጊዜ ትሄዳለህ፤ ለሰው ሁሉ ደብዳቤ ይሰጣል፤ አንተ ባዶ እጅህን ትመጣለህ። ስምንት ወር አየሁህ። አንተ ሰው የለህም። ሥራም ከሄደ ምን ይቀርሃል?"

ማየቱን አላውቅም ነበር። እናትና አባቴ ገና በልጅነቴ እንደሞቱብኝ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ የምሄደው ለመንሸራሸር ነው እያልኩ አቶ ሰይድን እንኳ አታልል ነበር።  ና፣ አብረን ለዋናው መሥሪያ ቤት እንጻፍ፣ ሠላሳ ሦስት ያልኩት እኔ ነኝ፣ በጥር አርባ ሦስት አይቼ የደበቅሁትም እኔ ነኝ እላለሁ፤ ይህን ማለት ነበረብኝ። ሻንጣውን ማውረድ ብቻ ነበር የሚበቃው። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። አሳውን ተቀበልኩት፤ "ደህና ሁን" አልኩት፤ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ደጋ ከወጣሁ በኋላ ነገ እጽፋለሁ፣ ነገ አመለክታለሁ ስል ዓመት አለፈ። ከዚያ መንግሥትም ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱም ስሙን ለወጠ፣ ሰንጠረዡም ሰዎቹም የት እንደገቡ አይታወቅም። ኦጁሉ ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ የጠየቅኋቸው ሰዎች ያን ስም የያዙ ብዙ ናቸው አሉኝ። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ፤ ልጆቼም የየራሳቸውን መንገድ ሄዱ። ብዙ ሞተር ተከልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሙቀት የምለካው እዚያው ሞተሩ ያለበት ቤት ውስጥ ገብቼ ነው፣ ላቤ ጫማዬ ውስጥ እስኪገባ። ሰዎች ጠንቃቃ መካኒክ ነው ይሉኝ ነበር።

ያን ቀን የነገረኝን ግን ስንት ዓመት አብሰለሰልኩት። ሰው የለህም ያለኝ በአዘኔታ ነው፤ አውቃለሁ። በአንድ ነገር ግን ተሳስቷል። ያን ጠዋት ሰው ነበረኝ፤ አንድ ብቻ ቢሆንም ነበረኝ። በተቃጠለ ክንዱ ስንቅ ሠርቶልኝ፣ መኪናው እስኪጠፋ ድረስ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ።